የሰው ቃል ከየት እስከ የት ነው?

ስለ ትእምርተ ጥቅስ ለጎልማሳ ተማሪዎች በሬዲዮ የቀረበ ንግግር

 

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ፣ በደንበጫ፣ በሉማሜ፣ በደብረ ኤልያስ፣ በቢቸና፣ እስከ ጮቄ ደጋ ድረስ ያላችሁ ሁሉ፣ ከብቱን አግብታችሁ፣ ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ተቀምጣችኋል ብዬ አምናለሁ። ኩራዝ ያላችሁ ኩራዙን ጠጋ አድርጉት። ዛሬ የምናዳምጠው ብቻ ሳይሆን የምንጽፈውም ነገር አለ።

እስከ ዛሬ ፊደል ቆጥራችኋል። ቃል ማንበብ ችላችኋል። ዐረፍተ ነገር ሲያልቅ አራት ነጥብ እንደሚደረግ ታውቃላችሁ። ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝም ተምራችኋል። የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሌላ ምልክት ነው። ስሙ ትእምርተ ጥቅስ ይባላል። ብዙ ሰው «ትምህርተ ጥቅስ» ይለዋል፤ ሁለቱም ያው ነው። ትእምርት ማለት ምልክት ማለት ነው። ጥቅስ ማለት ደግሞ የሌላ ሰው ቃል እንዳለ ሲወሰድ ነው።

ምልክቶቹ ሁለት ናቸው። አንዱ መክፈቻ፣ አንዱ መዝጊያ። መክፈቻው ይህ ነው፦ «። መዝጊያው ይህ ነው፦ »። ልብ ብላችሁ እዩዋቸው። የሁለቱም አፍ ወደ ቃሉ ነው፤ ጀርባቸው ወደ ውጭ ነው። እንደ በረት አጥር ናቸው። በአጥሩ ውስጥ የገባው የተናጋሪው ቃል ነው። ከአጥሩ ውጭ ያለው የጸሐፊው ቃል ነው።

«ታዲያ ይህ ትንሽ ምልክት ምን ይጠቅማል?» ትሉኝ ይሆናል። እኔ ጥቅሙን የተማርኩት በመጽሐፍ አይደለም። በአንዲት እናት ማሳ ላይ ነው። ታሪኩን ልንገራችሁ። የሰዎቹን ስም ግን አልጠራም።

ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ነበር። ያን ጊዜ እኔ ወጣት ነበርኩ። ዘመቻው ከተጀመረ በኋላ በአንዱ ዓመት፣ ከደብረ ማርቆስ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በሚያስኬድ አንድ ቀበሌ አስተምር ነበር። በቀበሌው ባል የሞተባቸው አንዲት እናት ነበሩ። አንድ ወንድ ልጅ አላቸው። ልጁ ለሥራ አዲስ አበባ ገብቷል። እናትየው በሬ የላቸውም። ማሳቸውን በየዓመቱ የሚያርስላቸው የባላቸው ወንድም፣ የልጁ አጎት ነው። እሱም የሚኖረው ከወንዝ ማዶ ነው።

በግንቦት ወር አጎትየው ለጉዳይ አዲስ አበባ ሄደና ልጁን አገኘው። ልጁም ለእናቱ ደብዳቤ ጻፈ። እናትየው ደብዳቤውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ እስቲ አንብብልኝ» አሉኝ።

ተቀብዬ አነበብኩላቸው። ከሰላምታው በኋላ እንዲህ የሚል ነበረበት፦

አጎቴን አገኘሁት ዘንድሮ ማሳዬን አርሳለሁ አለኝ እኔም እሺ አልኩት አንቺም እወቂው

ልጁ ፊደል አሳምሮ ያውቃል። ጽሕፈቱም ያምራል። ነገር ግን በደብዳቤው ውስጥ አራት ነጥብ የለም። ነጠላ ሰረዝ የለም። ትእምርተ ጥቅስም የለም። እኔ ሳነብ «ማሳዬን» ከሚለው ቃል በኋላ ትንሽ ቆም አልኩ። ከዚያ «አርሳለሁ አለኝ» ብዬ ቀጠልኩ። እናትየው የገባቸው እንዲህ ነው፦ ማሳው የልጄ ነው፤ አጎቱ «አርሳለሁ» ብሏል። ደስ አላቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ ጣለ። አጎትየው አልመጣም። ጎረቤት «ለምን ሰው ልከው አያስጠይቁትም?» ሲላቸው፣ «አርሳለሁ ያለን ሰው ምን ብዬ እነዘንዘዋለሁ? ይሉኝታም አለ እኮ» አሉ። ሐምሌ ገባ። ወንዙ ሞላ። የጤፍ መዝሪያው ጊዜ አለፈ። በየሰዉ ማሳ ላይ ቡቃያው ሲያረንጓድድ፣ የእሳቸው ማሳ ጦም አደረ።

በመስከረም ወንዙ ሲጎድል ሽማግሌ ተቀመጠ። እናትየው «ቃሉን በላ» ብለው ከሰሱ። አጎትየው እንዲህ ሲል መለሰ፦ «እኔ ቃሌን አልበላሁም። አንዱ በሬዬ ሞተብኝ። በቀረኝ በሬ ከጎረቤት ጋር ተቀናጅቼ ነው ያረስኩት። ይህንኑ ለልጁ ነግሬዋለሁ። ‹ዘንድሮ ማሳዬን አርሳለሁ› አልኩት። እሱም ገብቶት ‹እሺ› አለኝ።»

ደብዳቤው ወጣ። «አንብብ» ተባልኩ። በፊት እንዳነበብኩት አድርጌ አነበብኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እጃቸውን አነሡ። እሳቸው ማንበብ አይችሉም። ጆሯቸው ግን ንቁ ነው።

«የኔ ልጅ፣ ‹ማሳዬን› ካልክ በኋላ ቆም አልክ። ወረቀቱ ላይ ‹ቁም› የሚል አለ?» አሉኝ።

ወረቀቱን አየሁት። ምንም የለም።

«የለም» አልኩ።

«እንግዲያው ሳትቆም አንብበው።»

ሳልቆም አነበብኩት። ሁሉም ዝም አለ። ቃሉ ያው ነው። ነገሩ ግን ሌላ ሆነ። አጎትየው አልዋሸም። ልጁም አልዋሸም። እናትየውም የሰሙትን ነው ያመኑት። የጠፋው ምልክት ነው። የጠፋውን ምልክት በራሴ ድምፅ ሞልቼ ያነበብኩት ደግሞ እኔ ነኝ። «ይህ ቃል በሁለት መንገድ ይነበባል፤ ልጁን ደግመን እንጠይቀው» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

ሽማግሌዎቹ አስታረቁ። ዘመድ እህል አዋጣ። እኔም ከደመወዜ ጥቂት ጤፍ ገዛሁላቸው። እንዲህም ሆኖ እናትየው ዓመቱን ለመዝለቅ ጊደራቸውን ሸጡ። «ይቅርታ» አልኳቸው፤ ይቅርም አሉኝ። ጊደሯ ግን አልተመለሰችም።

ውድ አዳማጮቻችን፣ አሁን እርሳሳችሁን ያዙ። ያን ደብዳቤ በምልክት እንጻፈው። መጀመሪያ እንዲህ፦

አጎቴን አገኘሁት። «ዘንድሮ ማሳዬን አርሳለሁ» አለኝ። እኔም «እሺ» አልኩት።

«ማሳዬን» የሚለው ቃል የት ገባ? በአጥሩ ውስጥ ገባ። ስለዚህ የአጎትየው ቃል ነው። «ማሳዬ» ያለው እሱ ከሆነ፣ ማሳውም የእሱ ነው ማለት ነው። አሁን ደግሞ መክፈቻውን ወደ ቀኝ እናንቀሳቅሰው፦

አጎቴን አገኘሁት። ዘንድሮ ማሳዬን «አርሳለሁ» አለኝ። እኔም «እሺ» አልኩት።

አሁን «ማሳዬን» ከአጥሩ ውጭ ቀረ። ስለዚህ የጸሐፊው፣ የልጁ ቃል ሆነ። ማሳውም የልጁ ሆነ። ፊደል አልጨመርንም፤ አልቀነስንምም። ምልክቱን ብቻ አንቀሳቀስን። አያችሁ?

ይህ ነገር የሚመጣው ከአማርኛችን ጠባይ ነው። አማርኛ የሰውን ቃል እንዳለ ማምጣት ይወዳል። «እመጣለሁ አለ» እንላለን። የሚመጣው ማን ነው? የምናገረው እኔ አይደለሁም፤ እሱ ነው። ስንነጋገር አንቸገርም። ድምፃችን ከፍና ዝቅ ይላል። እጃችን ያመለክታል። ያልገባው ሰውም «የማንን?» ብሎ ይጠይቀናል። ወረቀት ግን ድምፅ የለውም። እጅም የለውም። ብንጠይቀውም አይመልስም።

አንድ ሌላ ምሳሌ ልስጣችሁ። ይህን ጻፉ፦ ወንድሜ በሬዬን ሸጥኩት አለ። የተሸጠው የማን በሬ ነው? በሦስት መንገድ ይጻፋል።

ወንድሜ «በሬዬን ሸጥኩት» አለ። የተሸጠው የወንድሜ በሬ ነው።

ወንድሜ በሬዬን «ሸጥኩት» አለ። የተሸጠው የእኔ በሬ ነው። ይህ እንኳ ጠብ ያመጣል!

«ወንድሜ፣ በሬዬን ሸጥኩት» አለ። እዚህ ላይ ወንድሜ የሸጠው የለም። አንድ ሌላ ሰው ጓደኛውን «ወንድሜ» ብሎ ጠርቶ የራሱን ወሬ እየነገረው ነው።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። አንድን ቃል ሰምና ወርቅ አድርጎ በሁለት መንገድ ማስኬድ በቅኔ ቤት ሙያ ነው፤ ያስመሰግናል። በደብዳቤ፣ በውልና በምስክር ቃል ግን ሰምና ወርቅ አያስፈልግም። እዚያ የሚያስፈልገው አንድ ፍቺ ብቻ ነው።

አሁን ደንቡን በአጭሩ እንይ። አምስት ነገሮችን ያዙልኝ።

አንደኛ፦ የተናገረው ሰው ቃል ከሚጀምርበት ላይ ክፈቱ፤ ከሚያበቃበት ላይ ዝጉ። የከፈተ ይዝጋ። በሩ ሳይዘጋ ያደረ በረት ከብት ያስበላል፤ ያልተዘጋ ትእምርተ ጥቅስም የጸሐፊውን ቃል ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ሁለተኛ፦ «አለ»፣ «አለች»፣ «አሉ»፣ «ብሎ»፣ «ሲል መለሰ» የሚሉት ቃላት የጸሐፊው ናቸው። ስለዚህ ከምልክቱ ውጭ ይቀራሉ። አራት ነጥቡም ከእነሱ በኋላ ይመጣል። እንዲህ፦ እናቴ «እራት ደርሷል» አለችኝ።

ሦስተኛ፦ ተናጋሪው ጠይቆ ከሆነ፣ የጥያቄ ምልክቱ ከቃሉ ጋር በውስጥ ይገባል። እንዲህ፦ እናቴ «መቼ ትመጣለህ?» አለችኝ። የጠየቀችው እናቴ ናት፤ ስለዚህ ጥያቄው የእሷ ነው። እኔ ግን እየተናገርኩ እንጂ እየጠየቅሁ አይደለም። ስለዚህ መጨረሻው አራት ነጥብ ነው።

አራተኛ፦ የተናጋሪው ቃል ረዘም ያለ እንደሆነ፣ አስቀድማችሁ ማን እንደተናገረ ጻፉ። ከዚያ ሁለት ነጥብ ከሰረዝ አድርጉና ቃሉን አስገቡ። እንዲህ፦ ሽማግሌው እንዲህ አሉ፦ «ልጆቼ፣ ተስማሙ። ወንዝ ሲሞላ የሚያሻግራችሁ ወንድማማችነታችሁ ነው።» በአንድ ሰው ቃል ውስጥ የሌላ ሰው ቃል ቢገባ ደግሞ፣ ለውስጠኛው ነጠላውን ምልክት አድርጉ። እንዲህ፦ እህቴ «አባባ ‹ነገ ገበያ እወጣለሁ› ብሎኛል» አለችኝ።

አምስተኛ፦ ይህ ከሁሉ ይበልጣል። በምልክቱ ውስጥ የሚገባው ሰውየው በእውነት የተናገረው ቃል ብቻ ነው። ቃሉን በትክክል ካላስታወሳችሁ ምልክት አታድርጉ። በራሳችሁ አነጋገር ጻፉት። «እመጣለሁ» አለ ማለት አንድ ነው። እንደሚመጣ ነገረኝ ማለት ሌላ ነው። በመጀመሪያው የሰውየውን ቃል ሰጣችሁ። በሁለተኛው የነገሩን ፍሬ ሰጣችሁ። ያላለውን በምልክት ውስጥ ማስገባት ግን በሰው አፍ መናገር ነው።

ጥርጣሬ ካለባችሁ ደግሞ አንድ ቃል ጨምሩ። ያ ልጅ «ዘንድሮ የራሱን ማሳ ብቻ ሊያርስ ነው» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ፣ ምልክት ባያውቅም እንኳ ጊደሯ አትሸጥም ነበር።

ይህን ነገር በሬዲዮም ሰምታችሁት ታውቃላችሁ። የደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወላጅ የሆኑት ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ የጻፉት «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። በኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተረከው። ማንበብ የማይችል ሰው ሁሉ ታሪኩን በጆሮው ሰማ። ተራኪው አንድ ሰው ሲሆን፣ ፊታውራሪው ሲናገሩ በአንድ ድምፅ፣ ሰብለ ወንጌል ስትናገር በሌላ ድምፅ፣ በዛብህ ሲናገር በሌላ ድምፅ ነበር። ስለዚህ ማን ምን እንዳለ አንሳሳትም ነበር። በወረቀት ላይ ያን የድምፅ ለውጥ የሚተካልን ትእምርተ ጥቅስ ነው።

በቀድሞው የብራና ጽሑፍ ይህ ምልክት አልነበረም። በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ፣ ነገሩ ሲያልቅ አራት ነጥብ ይደረግ ነበር። ተናጋሪው የሚታወቀው «አለ» በሚለው ቃል ነበር። ንባቡንም ተማሪው ከየኔታ አፍ እየሰማ ያጠና ነበር። የት እንደሚቆም የኔታ ነግረውታል። ትእምርተ ጥቅስ ከማተሚያ መኪና ጋር ከውጭ የመጣ ነው። የእኛን ደብዳቤ ግን ከሩቅ አገር የሚያነበው ሰው አጠገብ የኔታ የሉም። ስለዚህ ምልክቱ ያስፈልገናል።

ልጆቻችሁ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ይማራሉ። ደብተራቸውን ስታዩ ምልክቱ ሌላ ሊመስላችሁ ይችላል። በእንግሊዝኛ ከመስመሩ በላይ ከፍ ብሎ፣ እንደ ሁለት ትንንሽ ጭረት ሆኖ ይጻፋል። ሥራው ግን ያው ነው። ልዩነቱን ልንገራችሁ። እንግሊዝኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል አለው። የተናጋሪው ቃል ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሲሆን በትልቅ ፊደል ይጀምራል። «አለ» በሚለው ቃልና በተናጋሪው ቃል መካከልም ነጠላ ሰረዝ ይገባል። «አለ» ቀድሞ ከመጣ፣ ሰረዙ ከእሱ በኋላ፣ ምልክቱ ሳይከፈት ይጻፋል። «አለ» ኋላ ከመጣ ደግሞ፣ ሰረዙ ምልክቱ ሳይዘጋ ከውስጥ ይገባል። ልጆቻችን ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ በአማርኛ እንደለመዱት ሰረዙን ይተዉታል።

እንግዲህ እንግሊዝኛ ትልቁ ፊደልም፣ ሰረዙም፣ ምልክቱም ያግዙታል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። «ሀ» ከፊት ቢመጣም «ሀ» ነው፤ ከመካከል ቢመጣም «ሀ» ነው። ስለዚህ በአማርኛ ሸክሙ ሁሉ በትእምርተ ጥቅስ ላይ ነው። እሱ ከቀረ የሚረዳን የለም።

አንድ ምክር ልጨምር። ለምስክርነት ተጠርታችሁ ቃላችሁ ቢጻፍ፣ ወይም ውል ብትዋዋሉ፣ ሳታነቡ አትፈርሙ። አውራ ጣታችሁን ቀለም ነክራችሁ የምታትሙበት ጊዜ አልፏል፤ ዛሬ ታነባላችሁ። ስታነቡም ሦስት ነገር ጠይቁ። ይህ ቃል የማን ነው? ከየት ይጀምራል? የት ያበቃል? መልሱ ግልጽ ካልሆነ ጸሐፊውን «እባክህ፣ ይህን አስተካክልልኝ» በሉት። ይህን ማለት አያሳፍርም።

ለሚቀጥለው ጊዜ ሥራ ልስጣችሁ። እነዚህን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ቀስ ብዬ አነባለሁ፤ ጻፉ።

ጎረቤቴ አጥሬን አፈረስኩ አለ

እህቴ መቼ ትመጫለሽ አለችኝ

አባቴ ነገ ደብረ ማርቆስ እሄዳለሁ ብሎ ወጣ

ምልክታቸውን አስገቡ። የመጀመሪያውን በሁለት መንገድ ጻፉትና የፈረሰው የማን አጥር እንደሆነ ለጎረቤታችሁ አስረዱ። በጣቢያችሁ ያለው አስተማሪ ያርምላችኋል።

ከመሰናበቴ በፊት፣ እናትየው በኋላ ምን እንዳደረጉ ልንገራችሁ። በዚያው ዓመት በጥቅምት የማታ ትምህርት ገቡ። «ከእንግዲህ የልጄን ደብዳቤ ሰው አያነብልኝም» አሉ። ከፊት መደብ ላይ ይቀመጡ ነበር። እርሳስ ሲይዙ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ፊደሉን በሁለት ወር ለዩ። ትእምርተ ጥቅስን ግን ከሁሉ አስቀድመው ያዙት። በየቦታው ይከፍቱና ይዘጉ ነበር።

ለልጃቸው የመጀመሪያ ደብዳቤ ሲጽፉ ፖስታውን ከማሸጋቸው በፊት አሳዩኝ። ሦስት መስመር ነው። ጽሕፈቱ ተጣሟል። ምልክቱ ግን ልክ ነው። እንዲህ ይላል፦

ልጄ ሆይ፣ ደህና ነኝ። አጎትህ መጥቶ «በሬ ገዝቻለሁ፤ ዘንድሮ ማሳሽን አርሳለሁ» አለኝ። እኔም «ማሳሽን ያልከው የማንን ነው?» ብዬ ደግሜ ጠየቅሁት።

በሚቀጥለው ሐምሌ ማሳው ጤፍ ተዘራበት።

ውድ አዳማጮቻችን፣ የዛሬው ትምህርታችን በዚህ አበቃ። በርትታችሁ ጻፉ። የከፈታችሁትን ዝጉ። ደህና እደሩ።